የሮልፕሌይ ስልጠና አመራር፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሆስቶች

ሮልፕሌይ ሰርቨር (ተጫዋቾች የአንድን ሰው ሚና ይዘው አብረው የሚተውኑበት የኦንላይን ጌም) ላይ ስልጠና ማለት አዲስ የገባ ተጫዋች ፖሊስ፣ የአምቡላንስ ባለሙያ ወይም የታክሲ ሹፌር ሆኖ ከመሰማራቱ በፊት ሥራውን የሚለማመድበትና የሚፈተንበት ቀጠሮ ነው። ሮብሎክስ ላይ ያሉ ብዙ ግሩፖች ያለ ስልጠና ማዕረግ አይሰጡም። ጂቲኤ አምስት ላይ በሚሠራው ፋይቭኤምም ሆነ ከሳን አንድሪያስ ዘመን ጀምሮ በሚታወቀው ሳምፕ፣ የፖሊስ መኪና የሚሰጠው ለተፈተነ ሰው ነው። ምክንያቱም ሽጉጥና ካቴና የያዘ ያልሰለጠነ ተጫዋች የሃያ ሰው ምሽት በአምስት ደቂቃ ያበላሻል።

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሰብሰብ ብለው የራሳቸውን ሰርቨር የሚከፍቱ ልጆች ጉልበታቸውን የሚጨርሱት በካርታ፣ በመኪና ሞዴልና በሎጎ ነው። ስልጠናው ላይ ሲደረስ አንዱ ጎበዝ ተጫዋች ማይኩን ይይዝና ሁሉንም ብቻውን ይወጣዋል፤ ስም ይጠራል፣ ያስተምራል፣ የሚረብሸውን ያስወጣል፣ ማርክም ይሰጣል። አብዛኛው ስልጠና የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ከሥራ ክፍፍሉ እንጀምር።

ማን ምን ይሠራል

ሆስቱ ሰዓቱን ይይዛል። ስልጠናውን ይከፍታል፣ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ያሸጋግራል፣ በተባለው ደቂቃ ይዘጋል። ስለ ሕጉ ጥያቄ ቢመጣ እንኳ ወደ አሰልጣኙ ይመራል፤ ራሱ ማብራራት ከጀመረ ሰዓቱ ከእጁ ይወጣል። ኮሆስቱ በሩ ላይ ነው፦ ስም ይመዘግባል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ሰርቨሩን ይቆልፋል፣ መስመር ተቋርጦበት የወጣውን መልሶ ያስገባል፣ የሚረብሽ ካለ ማይኩን ይዘጋል፣ በጽሑፍ ለሚመጣ ጥያቄ ይመልሳል። ቀላል ሥራ ይመስላል። ነገር ግን አሰልጣኙ በማስተማር መሃል «አንተ፣ ማይክህን ዝጋ» እያለ የሚቆጣ ከሆነ ሰልጣኙ ይዞ የሚሄደው ቁጣውን ነው።

አሰልጣኝ ለ4 ሰልጣኝ 1 ይበቃል። 12 ሰልጣኝ ካለ 3 አሰልጣኝ፣ ከሆስቱና ከኮሆስቱ ጋር 5 ሰው ያስፈልጋል። ከ15 በላይ ከተመዘገበ ሁለት ቀን አድርጉት። አንድ ልምምድ 6 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ 4 ሰው ያለው ቡድን በ24 ደቂቃ ሁሉንም ያዳርሳል፣ 7 ሰው ያለው ግን 42 ደቂቃ ይፈጃል። ያኔ አብዛኛው ሰው ተራውን ሲጠብቅ ስልኩን መነካካት ይጀምራል፣ ተራው ሲደርስም ምን እንደተባለ አያውቅም።

ያስተማረ ሰው የራሱን ሰልጣኝ አይፈትን። ለዚህ ተጨማሪ ሰው መፈለግ አያስፈልግም፤ ፈተና ላይ ሦስቱ አሰልጣኞች ቡድን ይቀያየሩ። ቡድኖቹንም አደባልቁ። የደሴ ልጆች ከደሴ፣ የኮምቦልቻ ልጆች ከኮምቦልቻ ጋር መሆን ይወዳሉ፤ ይሁን ከተባለ ግን ሹፌር ሆኖ የሚጫወተው ለጓደኛው ያዝንና ገና ሳይጠየቅ መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለ ልምምድ ማንንም አያስተምርም።

ለእነዚህ ሰዎች ዲስኮርድ (ተጫዋቾች በድምፅና በጽሑፍ የሚገናኙበት አፕ) ላይ አድሚን መስጠት አያስፈልግም። ኮሆስቱ የሚፈልገው ሦስት ፈቃድ ብቻ ነው፦ ሰውን ከአንድ የድምፅ ክፍል ወደ ሌላ ማዛወር፣ ማይክ መዝጋት እና መልእክት ማጥፋት። «የዕለቱ ሆስት» የሚል ሮል ሠርታችሁ እነዚህን ብቻ ክፈቱለት፣ ስልጠናው ሲያልቅ ሮሉን አንሱ። አድሚን እንደ ልብ የታደለበት ሰርቨር አንድ ቀን አንዱ ያኮርፍና ቻናሉን ሁሉ ጠራርጎ ይወጣል።

ቀጠሮ

ማስታወቂያው ከ2 ቀን በፊት ይውጣ። 1 ሰዓት ሲቀረው አንዴ፣ 10 ደቂቃ ሲቀረው አንዴ አስታውሱ። ቴሌግራም ላይም ለጥፉት፤ ብዙ ሰው ዲስኮርድን የሚከፍተው ሊጫወት ሲል ብቻ ነው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የየትኛው ሥራ ስልጠና እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚወሰድ፣ ምን ተዘጋጅቶ እንደሚመጣ እና በሩ የሚዘጋበት ደቂቃ ይጻፍ። የመጨረሻው ካልተጻፈ ዘግይቶ የመጣ ሁሉ ይከራከራል።

የሰዓቱ አጻጻፍ ብዙ ሰው ያሳስታል። ደሴ ላይ ማታ 2 ሰዓት የምንለው በፈረንጅ 8 ሰዓት ነው፣ ማለትም 20፡00። የዲስኮርድ የሰዓት ምልክት ለእያንዳንዱ አንባቢ ባለበት አገር ሰዓት ለውጦ ያሳየዋል፤ የሚያሳየው ግን በፈረንጁ ቆጠራ ስለሆነ እዚህ ያለው ልጅ «8 ሰዓት» አይቶ ቀን ከምሳ በኋላ ገብቶ ማንንም ያጣል። ወሎ ደግሞ ዘመዱ ዓረብ አገር የሌለ ቤት ጥቂት ነው። ሪያድና ጂዳ ያሉ ተጫዋቾች ከእኛ ጋር ሰዓታቸው አንድ ነው፤ እኛ 2 ስንል እነሱ 8 ይላሉ እንጂ የደቂቃ ልዩነት የለም። ዱባይ በ1 ሰዓት ይቀድመናል። ዋሽንግተን ያለው ሰው በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ከእኛ ኋላ ነው፤ ማርችና ኖቬምበር ላይ ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ በነዚያ ሳምንታት ደግማችሁ አረጋግጡ። ሁልጊዜ ሁለቱንም ጻፉ፦ «ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት፣ በፈረንጅ ማታ 8 ሰዓት (20፡00)፣ ኢትዮጵያ ባለው ሰዓት»።

እኩለ ሌሊትን ያለፈ ቀጠሮም ያጣላል። «ዓርብ ሌሊት 7 ሰዓት» ሲባል አንዱ ዓርብ ሳይነጋ ይመጣል፣ ሌላው ዓርብ ከመሸ በኋላ። «ለቅዳሜ አጥቢያ» ብሎ መጻፍ ይረዳል። ከማታ 5 ሰዓት በኋላ ጭራሽ ስልጠና አለማድረግ ግን የተሻለ ነው።

ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ኢሻ ስለተሰገደ፣ ራትም ስለተበላ ለብዙው ሰው ይመቻል፤ እስከ 3፡30 ካለቀ እሁድ ማለዳ ቅዳሴ የሚሄደውንም አይጎዳም። ዓርብ ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ለጁምዓ ይተው። ረመዳን ላይ ተራዊህ ሳይወጣ ማንንም አትጠብቁ፤ ማታ 3፡30 ላይ አጠር ያለ የ40 ደቂቃ ስልጠና ይሻላል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ልጆች፣ የደሴው ግቢም ሆነ የኮምቦልቻው ቴክኖሎጂ፣ በፈተና ሳምንት አይገኙም፤ የትምህርት ካላንደሩን አንዱን ጠይቃችሁ ያዙ።

ዳታ፣ ድምፅ፣ መብራት

ድምፅ ያን ያህል ዳታ አይበላም። ዲስኮርድ ላይ አዲስ የድምፅ ክፍል ሲከፈት ጥራቱ በሴኮንድ 64 ኪሎቢት ላይ ነው፤ አንድ ሰው ሳያቋርጥ አንድ ሰዓት ቢያወራ 29 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ከክፍሉ ሴቲንግ ወደ 32 ብታወርዱት ግማሹ ይቀራል፣ ለንግግርም ይበቃል። ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ሲያወራ ግን የሦስቱም ድምፅ ለየብቻ ነው ስልካችሁ ላይ የሚወርደው። ካርድ የሚጨርሰው ስክሪን ሼር ነው። የሕግ ዝርዝር ለማሳየት ስክሪን ከማጋራት ጽሑፉን ቻናሉ ላይ ለጥፎ ፒን ማድረግ ከምንም በላይ ይቆጥባል።

ሁለተኛው ዳታ ጨራሽ ጌሙ ራሱ ነው። ፋይቭኤም ላይ አንድ ሰርቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ የሰርቨሩ መኪኖች፣ ልብሶችና ሕንፃዎች ሁሉ ይወርዳሉ፤ ከበድ ያለ ሰርቨር ከሆነ ጊጋባይት ይደርሳል። በዕለቱ ገና ማውረድ የጀመረ ሰው ጭኖ ሳይጨርስ ስልጠናው ያልቃል። ስለዚህ ምዝገባ ስትቀበሉ «ከዕለቱ በፊት አንዴ ገብተህ፣ ካራክተርህን ሠርተህ ውጣ» የሚል ግዴታ አስገቡ። ሮብሎክስ ላይ ደግሞ ዕድሜውን ያላረጋገጠ ሰው ቻቱ ላይከፈትለት ይችላል፤ ይህም አስቀድሞ ይታይ። የሮብሎክስ ፊልተር ያልወደደውን ጽሑፍ በ# ምልክት እየሸፈነ ስለሚያሳይ፣ ቀድማችሁ ያዘጋጃችሁትን ጽሑፍ ባዶ ሰርቨር ላይ ልካችሁ ሌላ ሰው ሙሉውን ማየቱን አረጋግጡ።

ማዳመጫ ግዴታ ይሁን። ፒያሳ ባለ ጌም ቤት አራት ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጦ ሲገባ የአንዱ ድምፅ በአራቱም ማይክ ያልፍና ሁሉም ላይ ይደጋገማል። መፍትሔው ፑሽ ቱ ቶክ ነው፤ ቁልፍ ተጭኖ ማውራት፣ ለቅቆ ማዳመጥ። ፋይቭኤም የራሱ የጌም ውስጥ ድምፅ ካለው ዲስኮርዱ ልምምድ ላይ ይዘጋ፤ ሁለቱም ከተከፈቱ አንዱ ቃል በትንሽ ልዩነት ሁለት ጊዜ ይሰማል፣ ሰውም «ሰርቨሩ ተበላሸ» ብሎ ይወጣል።

መብራት እንደሚጠፋ አስባችሁ ተዘጋጁ። የቤት ራውተር 10 ዋት ገደማ ነው የሚፈልገው። 20 ሺህ ሚሊአምፒር ሰዓት ያለው ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ሲቀየር የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ ራውተሩን አራት ሰዓት አካባቢ ያቆየዋል። የፓወር ባንኩን 5 ቮልት ወደ ራውተሩ ቮልት ከፍ የሚያደርግ ገመድ ያስፈልጋል፣ ይኸውም የራውተሩ አዳፕተር ላይ በተጻፈው መሠረት 9 ወይም 12 ቮልት መሆን አለበት። 9 ለሚፈልግ 12 መስጠት ራውተሩን ሊያቃጥለው ይችላል። የሆስቱ መብራት ከጠፋ ኮሆስቱ 3 ደቂቃ ጠብቆ ይቀጥላል፤ የደቂቃ ዕቅዱ ፒን የሚደረገው ለዚህ ነው።

የአንድ ሰዓት አከፋፈል

የመጀመሪያው 5 ደቂቃ ለስም መጥሪያና ድምፅ መሞከሪያ ነው። ከዚያ ሰርቨሩ ይቆለፋል።

ቀጣዩ 10 ደቂቃ ለሕግ። ከዚህ በላይ ሕግ ማውራት ዋጋ የለውም፤ ሙሉው ዝርዝር ተጽፎ አለ። በቃል የሚነገሩት ምሽት የሚያበላሹት ብቻ ናቸው። ካራክተሩ የሚያውቀውና ተጫዋቹ የሚያውቀው ይለያያል፤ ዲስኮርድ ላይ ሌባው የት እንደተደበቀ የሰማ ፖሊስ እዚያ ቢሄድ ሜታጌሚንግ ነው። ለሌላው ሰው መልስ የመስጠት ዕድል ሳይተዉ ውጤቱን ራስ መወሰን ፓወርጌሚንግ ነው። ያለ ታሪክና ያለ ምክንያት መግደል አርዲኤም፣ በመኪና ሆን ብሎ መግጨት ቪዲኤም ይባላል። ሞቶ የተነሣ ካራክተር የገደለውን ሰው አያስታውስም፣ ወደዚያ ቦታም ወዲያው አይመለስም።

እዚህ ላይ አሰልጣኞች የሚሠሩት የተለመደ ጥፋት «ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይሉኝታ ያለበት አገር ነውና ሁሉም «አዎ» ይላል። ይልቅ አንድ ሁኔታ ስጡ፦ «ሌባው ጓደኛህ ነው፣ ቴሌግራም ላይ ‹ሆስፒታሉ ጀርባ ነኝ› ብሎ ጻፈልህ። አንተ ተረኛ ፖሊስ ነህ። ምን ታደርጋለህ?» መልሱ ያልገባውን ሰው ወዲያው ያሳያል።

ከዚያ 10 ደቂቃ ማሳያ። ሁለት አሰልጣኞች ልምምዱን አንዴ በትክክል ይሠሩታል፣ ቀጥለው ሦስት ስህተት ሆን ብለው ከትተው ይደግሙታል። ሰልጣኞቹ ስህተቶቹን ይለቅማሉ። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ይልቅ ያስተምራል፤ ሰዓት ካጠረ የመጀመሪያውን ቁረጡ።

ልምምዱ 25 ደቂቃ ነው፣ የቀረው 10 ለአስተያየት። በ4 ሰው ቡድን ውስጥ አንዱ ፖሊስ፣ ሁለተኛው ሬዲዮ የያዘ ተረኛ፣ ሦስተኛው ሹፌር፣ አራተኛው ወረቀት ይዞ ተመልካች ይሆናሉ፤ በየ6 ደቂቃው ይዟዟራሉ። ለሹፌሩ በግል መልእክት አንድ ምስጢር ይላክለት፦ መንጃ ፈቃዱ ጊዜው አልፏል፣ ወይም ኋላ ወንበር ላይ የታመመ ሰው አለ፣ ወይም ምንም ጥፋት የለውም፣ ተቆጥቷል ብቻ። ሦስተኛው ብዙ ሰልጣኝ ይጥላል፤ ጥፋት ያላገኘ ጀማሪ ፖሊስ ጥፋት መፍጠር ይጀምራልና።

መኪና ማስቆም

ስልጠናው ሁሉ የሚጠነጠነው በዚህ ልምምድ ላይ ስለሆነ በዝርዝር እንየው።

ፖሊሱ የማስቆሚያ መብራቱን ከማብራቱ በፊት በሬዲዮ ይናገራል። ቅደም ተከተሉ ማን፣ ምን፣ የት፣ ለምን ነው፦ «ማዕከል፣ ሰባት ሁለት። ነጭ ሚኒባስ፣ ሰሌዳው መጨረሻ 418፣ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት፣ ቀይ መብራት ጥሶ። ላስቆመው ነው።» ማዕከሉም የፖሊሱን መለያ ቁጥር ጠርቶ ይመልሳል፦ «ሰባት ሁለት፣ ተቀብያለሁ።» «የት» ከ«ለምን» የሚቀድመው መስመሩ መሃል ላይ ቢቆረጥ እንኳ ቦታው እንዲታወቅ ነው። ብዙ ሰርቨሮች «አሥር አራት»፣ «አሥር ሃያ» የሚሉትን የአሜሪካ ፖሊስ ኮዶች ያስጠናሉ። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች በጋራ በሚሰማሩበት አደጋ ላይ ኮድ ትቶ በግልጽ ቋንቋ መናገር እንዲሠራበት አድርገዋል፤ አንዱ ኮድ በየከተማው የተለያየ ትርጉም ነበረው። «ተቀብያለሁ»፣ «ድገም»፣ «እርዳታ ላክ»፣ «ጨርሻለሁ» ከተባለ ለአማርኛ ሰርቨር ይበቃል።

የፖሊስ መኪናው ከቆመው መኪና ኋላ አንድ የመኪና ርዝመት፣ 5 ሜትር ያህል ይራቅ፤ ወደ መንገዱ መሃል ግማሽ መኪና ያህል ወጣ ብሎ ይቁም። እንዲህ ሲሆን ከኋላ የሚመጣ ተጫዋች ፖሊሱን በእግሩ ሲራመድ አይገጨውም። ጀማሪዎች ተጠግተው ስለሚያቆሙ ሹፌሩ ትንሽ ወደ ኋላ ቢል ሁለቱ መኪኖች ተጣብቀው ወደ ሰማይ ይወነጨፋሉ፤ ጌም ነውና።

ቀጥሎ ንግግሩ። «እንደምን አመሹ። የትራፊክ ፖሊስ ነኝ። ያስቆምኩዎት ቀዩን መብራት ስለጣሱ ነው። መንጃ ፈቃድዎን ያሳዩኝ።» ሰላምታ፣ ማንነት፣ ምክንያት፣ ጥያቄ፤ በዚሁ ተራ። ከፊልም የተቀዳው «ለምን እንዳስቆምኩህ ታውቃለህ?» ይቅር፤ ሹፌሩ «አላውቅም» ይላል፣ ክርክሩ አምስት ደቂቃ ይበላል።

ከውጭ የተቀዱ የስልጠና ሰነዶች አንድ የሚያጎድሉት ነገር አለ፤ አጠራር። በአማርኛ ፖሊሱ «አንተ» ባለበት ቅጽበት ትዕይንቱ ሌላ ይሆናል። የሚታየው የካራክተሩ ዕድሜ ነው። ማይኩ ጀርባ ያለው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ቢሆንም ሽማግሌ ሆኖ ከገባ «አባባ» ይባላል፤ ሐጅ ያደረገ ነጋዴ ሆኖ ከገባ «ሀጂ»፣ አሮጊት ከሆነች «እማማ»። ለወጣት ሹፌር «ወንድሜ» ያስኬዳል። በ«እርስዎ» ጀምሮ ሲናደድ ወደ «አንተ» የሚንሸራተት ሰልጣኝ ማርኩ ይቀነስ፤ ተጫዋቹ ከካራክተሩ መውጣቱ መጀመሪያ የሚታወቀው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ጽሑፍ ትዕዛዞቹ። «ሚ» (/me) የሚባለው ትዕዛዝ ካራክተሩ የሚያደርገውን ይገልጻል፣ «ዱ» (/do) ደግሞ በዙሪያው ያለውን ሁኔታ ይናገራል ወይም ይጠይቃል። ሰልጣኙ «ሰውየውን ጥሎ ካቴና አሰረው» ብሎ ከጻፈ ፓወርጌሚንግ ነው፤ ሌላው ሰው ምንም ሳይል ነገሩ አልቋል። ትክክሉ «የሰውየውን ቀኝ እጅ ይዞ ካቴና ሊያስር ይሞክራል» ብሎ ጽፎ መጠበቅ ነው። ለምን ያህል ጊዜ? ከስልክ የሚጽፍ ሰው አለና ቢያንስ 15 ሴኮንድ። «ኪሱ ውስጥ ምን ይገኛል?» የሚለው በ«ዱ» ይጠየቃል፣ ባለቤቱም እውነቱን የመመለስ ግዴታ አለበት። ሳምፕ ላይ የሚጫወት ሰርቨር ከሆነ የግዕዝ ፊደል ስለማያሳይ አማርኛው በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ አጻጻፉን አስቀድማችሁ ተስማሙበት፤ ካልሆነ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲፈታ ያመሻል።

መጨረሻ ላይ ፖሊሱ ውሳኔውን ለሹፌሩ ይናገራል፣ በሬዲዮ «ጨርሻለሁ፣ ነፃ ነኝ» ብሎ ይዘጋል። ይህችን መዝጊያ ሰልጣኞች አዘውትረው ይረሷታል፤ ማዕከሉም ሥራ ላይ ነው ብሎ ጥሪ ሳይልክለት ይቀራል።

የፒንግ ነገር

ማሳደድ የሚያሠለጥን ሰው ፒንግ ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት፤ መረጃ ከተጫዋቹ ሰርቨሩ ጋ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው፣ በሚሊሴኮንድ ይለካል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 28 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የተጫዋቹ መረጃ 200 ሚሊሴኮንድ ቢዘገይ ስክሪናችሁ ላይ የምታዩት መኪና እውነተኛ ቦታው ከምታዩት አምስት ሜትር ተኩል ይርቃል፤ ከአንድ የቤት መኪና ርዝመት በላይ ነው። ሰርቨሩ አውሮፓ ላይ ከሆነ ከደሴ የሚገባ ሰው እንዲህ ያለ መዘግየት ሊያጋጥመው ይችላል፣ የሌላኛው ተጫዋች መዘግየትም ይደመርበታል። እናም «ገጨኝ» የሚለውም «አልገጨሁም» የሚለውም የየራሱን ስክሪን እያየ እውነቱን ነው።

ስለዚህ በልምምድ ላይ በተከታታይ መኪኖች መካከል ቢያንስ 15 ሜትር ይኑር፤ ፊት የሚመራው ዝቅተኛ ፒንግ ያለው ተጫዋች ይሁን፤ ቪዲኤም ብሎ ከመክሰስ በፊት የሁለቱም ቁጥር ይታይ። ፒንጉ ከፍ ቢልም ካልተዋዠቀ ሊለመድ ይችላል። ከ80 ወደ 400 እየዘለለ የሚመለሰው ነው መኪናውን ከቦታ ቦታ የሚያዘልለው፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እዚያው ዋይፋይ ላይ ቪዲዮ የሚያይ ሰው ወይም ጀርባ ላይ የሚወርድ አፕዴት ነው።

ማርክ

የማርክ ወረቀቱ 10 ነጥቦች ይኑሩት፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 2፤ ድምሩ 20፣ ማለፊያው 14። ሬዲዮ መክፈት፣ አቋቋም፣ ሰላምታና ምክንያት፣ አጠራር፣ የ«ሚ» አጠቃቀም፣ መጠበቅ፣ ውሳኔ፣ ሬዲዮ መዝጋት የመሳሰሉት ናቸው። ያለ ምክንያት የተኮሰ ሰው ነጥቡ ስንትም ቢሆን ይወድቃል። ሁለት ሰው ለየብቻ ይሙላው። ልዩነታቸው ከ3 ከበለጠ ቪዲዮው ይታይ፤ ብዙ ጊዜ አንደኛው ጓደኛውን እየረዳ ነው ወይም አንዱ ነጥብ በግልጽ አልተጻፈም።

ቪዲዮ ለመቅዳት ኦቢኤስ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው። በ720 ጥራት፣ በሴኮንድ በ2500 ኪሎቢት ከተቀዳ አንድ ሰዓት 1.1 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጥ ስለሆነ ዳታ አይቆርጥም፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ አጥፉት። እንደሚቀዳ ግን ለሰልጣኞቹ መጀመሪያ ይነገራቸው።

ያለፉት ስም በግልጽ ቢወጣ ጥሩ ነው። ያላለፈው ግን በግል ይነገረው፣ ሁለት ነገር ብቻ፦ የቱን ነጥብ እንዳጣና ቀጣዩ ስልጠና መቼ እንደሆነ። ስሙ ግሩፕ ላይ «ወድቋል» ተብሎ የተለጠፈ ልጅ ሁለተኛ አይመለስም፤ አንዳንዱም ሌላ ስም አውጥቶ ሊረብሽ ይመለሳል።

ረባሽ፣ ልጆች፣ የማይነኩ ነገሮች

ለረባሽ ሦስት ደረጃ ይበቃል፦ በግል አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ለ5 ደቂቃ ማይክ መዝጋት፣ ማስወጣት። ሦስቱንም የሚያደርገው ኮሆስቱ ነው፣ ሌላ ሰው አይናገር። በሰው ፊት ክርክር ከተጀመረ ረባሹ የፈለገውን አግኝቷል።

ዲስኮርድ ከ13 ዓመት በታች ያለን አይቀበልም። ከዚያ በላይ ያሉ ተማሪዎች ካሉበት ስልጠናው እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት ቢሆን ይሻላል። አሰልጣኝ ከልጅ ጋር ለብቻው የድምፅ ክፍል ውስጥ አይግባ፤ የቤት አድራሻ፣ ትምህርት ቤት፣ ፎቶ፣ ስልክ ቁጥር በምንም ምክንያት አይጠየቅ።

ብሔርና ሃይማኖት የትዕይንት መነሻ አይሁኑ። የጦርነት ትዕይንትም እንዲሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንም ኮምቦልቻንም አዳርሷል፤ ማይኩ ጀርባ ያለው ልጅ ቤቱን ጥሎ የሸሸ ሊሆን ይችላል። በሌሊት ቤት ለቤት ፍተሻ፣ ከበባ፣ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ለጀማሪ ስልጠና አያስፈልጉም። ማንኛውም ሰልጣኝ በየትኛውም ትዕይንት መሃል «ቁም» ብሎ ከጻፈ ሁሉም ይቆማል፣ ለምን ተብሎም አይጠየቅም።

ቀጣዩ ሆስት

አንድ ሆስት ብቻ ያለው ሰርቨር ሆስቱ ፈተና የገባ ቀን ስልጠና የለውም። አዲስ ሆስት በሦስት ዙር ይወጣል። በመጀመሪያው ዙር ማይኩን ዘግቶ ያያል፣ እያንዳንዱ ክፍል በስንት ደቂቃ እንዳለቀም ይጽፋል። በሁለተኛው ኮሆስት ይሆናል። በሦስተኛው ራሱ ይመራል፣ ነባሩ ሆስት እዚያው ዝም ብሎ ይቀመጣል። ነባሮች የሚቸገሩት በዚህ ዝምታ ነው፤ ትንሽ ስህተት ባዩ ቁጥር ይገባሉ፣ ሰልጣኙም የሚያዳምጠው እነሱን ይሆናል። እንዳይገቡ ማይካቸውን ኮሆስቱ ከሰርቨሩ በኩል ይዝጋው፤ የሚሉትን ጽፈው ከስልጠናው በኋላ ይስጡ።